«አንቺስ እስከ መቼ ነሽ?» - ስለ ጊዜያዊ ሐኪምና ስለ ሩቅ አካባቢ ሕክምና

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

ሐኪም ሆኜ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ቋሚ ሐኪም አጥቶ ወደከረመ አንድ ሩቅ ሆስፒታል ለ6 ሳምንት ተላክሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አዛውንት መጡ። ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ላይ ጨለማ እንደሚመጣባቸው፣ አንድ ቀንም ከደጃቸው ላይ እንደወደቁ ነገሩኝ። የልብ ምታቸውን ብቆጥር በደቂቃ 44 ሆነ። «አባቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስላቸው ከኪሳቸው አንድ ቋጠሮ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱልኝ። ውስጡ አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ አስፕሪንና ለማዞር የሚሰጥ ክኒን ነበር።

አቴኖሎሉን የጀመረላቸው ሐኪም ግፊታቸው ከፍ ብሎ አግኝቶት ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሄደ። ቀጥሎ የመጣው «ልቤ ይመታብኛል» ሲሉት ፕሮፕራኖሎል አዘዘ። የቀድሞው ካርዳቸው ጠፍቶ አዲስ ወጥቶላቸው ስለነበር ከዚያ በፊት ምን እንደሚወስዱ የሚያይበት ነገር አልነበረውም። እሱም ሄደ። ሦስተኛዋ ማዞሩን ሰማች፤ ለማዞር የሚሆን ጨመረችላቸው። የሙያ ባልደረቦቼ ነገሩ ወዲያው ገብቷችኋል፤ ለሌሎቻችሁ ልንገራችሁ። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች የአንድ ወገን ናቸው፤ ሁለቱም የልብን ምት ያዘገያሉ። ሽማግሌውን የጣላቸው የገዛ ሕክምናቸው ነበር።

ሦስቱን ሐኪሞች አንድ በአንድ ብታነጋግሯቸው እያንዳንዳቸው ላደረጉት ነገር በቂ ምክንያት አላቸው። ጥፋቱ የተሠራው አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለው መሐል ነው። በዚያ መሐል ደግሞ ማንም አልነበረም።

ሁለቱንም በአንዴ ማቋረጥ ልብን ሊያስደነግጥ ስለሚችል ፕሮፕራኖሎሉን ብቻ አስቆምኳቸውና ቀጠሮ ልጽፍላቸው ብዕሬን አነሣሁ። አዛውንቱ እጄን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ አንቺስ እስከ መቼ ነሽ?» አሉኝ። የመጀመሪያውን ክትትል ላደርግላቸው እችል ነበር። የሁለተኛው ቀጠሮ ቀን ግን እኔ ከሄድኩ በኋላ ነበር የሚውለው።

ከዚያ ወዲህ በጊዜያዊነት ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። በቋሚነትም ሩቅ ቦታ ላይ ተቀምጬ ጊዜያዊ ሐኪም መጥቶ እንዲያሳርፈኝ በጉጉት የጠበቅኩባቸው ዓመታት አሉ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ከሁለቱም ወንበር ሆኜ ነው። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ጊዜያዊ ተተኪ ሐኪምን «ሎከም» ይለዋል። «ሎኩም ቴኔንስ» ከሚለው የላቲን ሐረግ የተወሰደ ነው፤ ቦታ ያዥ ማለት ነው። ቃሉ በቤተ ክርስቲያንም ይሠራበት ነበር፤ አንድ ደብር ካህን ሲያጣ ለጊዜው ተተክቶ የሚያገለግለው በዚህ ስም ይጠራል። ስሙን እወደዋለሁ። ቦታ የሚያዘው ለባለቦታ ነውና፤ ባለቦታው ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ወይም በቅርቡ እንደሚገኝ፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። በአሜሪካ አሠራሩ በተደራጀ መልክ መስፋፋት የጀመረው በ1970ዎቹ ዩታ ውስጥ ሲሆን፣ መነሻውም በምዕራባውያኑ ግዛቶች ሐኪም ያጠራቸውን የገጠር ክሊኒኮች መርዳት ነበር። ዛሬ ግን ጊዜያዊ ሐኪም በብዙ አገሮች ትልቅ የንግድ ዘርፍ ሆኗል፤ አገናኝ ኤጀንሲዎች፣ የዋጋ ውድድርና ውል ያለበት ገበያ ነው።

ገበያው የቆመበትን እጥረት ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ስለ ሩቅና ገጠር አካባቢ የጤና ባለሙያዎች ምክረ ሐሳብ ባወጣ ጊዜ፣ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ በገጠር እንደሚኖር፣ እዚያ የሚሠሩት ግን ከነርሶች 38 በመቶው፣ ከሐኪሞች ደግሞ ከሩብ በታች መሆናቸውን ጽፎ ነበር። ድርጅቱ ሰነዱን በ2021 አሻሽሎ አውጥቶታል። ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኖርዌይ፣ ስኮትላንድ፣ ሁሉም ከከተማ በራቁ ቁጥር ሐኪም ይሳሳባቸዋል። ጁልያን ቱዶር ሃርት የተባለው የዌልስ ሐኪም በ1971 ላንሴት መጽሔት ላይ ይህን ዝንባሌ የተገላቢጦሽ ሕግ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ጥሩ ሕክምና የሚገኘው በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ሳይሆን በተቃራኒው ነው የሚል። ወደዚህ ሰው እመለሳለሁ።

አሁን ጊዜያዊ ሐኪም ለምን እንደሚያስፈልግ በሒሳብ ላሳያችሁ። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 48 ሳምንት ቢሠራ 1,920 ሰዓት ይሠራል። ስለዚህ አንዲት የሐኪም ወንበር ሌሊትና ቀን፣ በዓልና ዘወትር ሰው እንዳያጣባት ከተፈለገ አራት ተኩል ሐኪም ትፈልጋለች። ሩቅ ቦታ ላይ ግን ያለው አንድ ነው፤ ሲበዛ ሁለት። አንድ ከሆነ ተረኝነቱ አያልቅም። ሁለት ከሆኑ በየሁለት ሌሊቱ አንዱ ይነቃል፤ አንዱ ሲታመም ወይም ሥልጠና ሲሄድ ሌላው ያለ ዕረፍት ይቀጥላል።

ይህንን በወረቀት ማስላት ቀላል ነው፤ ኑሮው ሌላ ነው። እኔ ብቻዬን በነበርኩበት ቦታ ስልኬን ሳላየው ዞር ማለት አልችልም ነበር። ሰው ሲያገባ አልሄድኩም፤ ሰው ሲሞት ደርሼ መመለስ እንጂ መቀመጥ አልቻልኩም። ሌሊት ማዋለጃ ክፍል ቆይቼ ጠዋት ተመላላሽ ሕመምተኛ ሳይ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው የሚለኝን ሁለት ጊዜ የማስደግምበት ቀን ብዙ ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሐኪም ለሕመምተኛው አደጋ ነው። የሚያፍርበት ነገር አይደለም፤ ግን አደጋ ነው። በዓመት ሦስት ሳምንት ብቻ አንድ የሚያምኑት ሰው መጥቶ ስልኩን ቢቀበላቸው ኖሮ እስከ ዛሬም እዚያው ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች አውቃለሁ። ከሥራው ጥላቻ አልነበራቸውም። ደክሟቸው ነው የሄዱት።

ለዚህ ነው ጊዜያዊ ሐኪምን የምደግፈው። ትልቁ ሥራው ቋሚው እንዲቆይ ማድረግ ነው። የእናቱን ቀብር እንዲቀብር፣ ልጁን እንዲያስመርቅ፣ የረሳውን የማደንዘዣ ሥራ ሄዶ እንዲያድስ። አውስትራሊያ ውስጥ መንግሥት ራሱ ገንዘብ መድቦ የገጠር ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሌሎች ባለሙያዎች ለዕረፍትና ለሥልጠና ሲወጡ ተተኪ የሚልክበት ፕሮግራም አለ። እንዲህ ያለውን ወጪ ሳይ «ውድ ነው» የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል፤ አንድ የለመደ ሐኪም ጥሎ ሲሄድ የሚከተለውን ኪሳራ አልቆጠሩም ማለት ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ባለቦታ ሳይኖር ቦታ ያዥ ሲደራረብ ነው። እንዴት እንደሚበላሽ ቀስ ብዬ ላስረዳ፤ ብዙ አስተዳዳሪዎች ሳይታወቃቸው ነው የሚገቡበት። አንድ ሐኪም ይለቃል። ማስታወቂያ ይወጣል፤ አመልካች ይጠፋል። ድንገተኛ ክፍሉ ደግሞ አይዘጋምና ኤጀንሲ ይጠራል። ኤጀንሲው የሚያመጣው ሐኪም በቀን የሚከፈለው ከቋሚው ይበልጣል፤ ትራንስፖርቱና ማደሪያው ይሸፈንለታል፤ የኤጀንሲውም ድርሻ አለ። የቀረው ቋሚ ሐኪም ይህን ያያል። የሚያውቀውን ሕመምተኛ የሚያስረክበው፣ መድኃኒት የት እንደሚቀመጥ የሚያሳየው፣ የሚያዳግት ነገር ሲመጣ የሚጠራው እሱ ነው፤ ደመወዙ ግን ያነሰው የእሱ ነው። ስድስት ወር ይታገሣል። ከዚያ እሱም ለቆ በኤጀንሲው በኩል ይመዘገባል፤ አንዳንዴ ራሱ የለቀቀው ሆስፒታል ተመልሶ በቀን ሒሳብ ይቀጥረዋል። አሁን ሁለት ክፍት ቦታ አለ። ለቋሚ ሐኪም ቤት ማደሻ፣ ለሁለተኛ ቅጥር፣ ለነርሶች ማበረታቻ ሊሆን ይችል የነበረው ገንዘብ በየሳምንቱ ለተተኪ ይከፈላል። በዓመቱ መጨረሻ አስተዳዳሪው «ቋሚ ለመቅጠር በጀት የለንም» ይላል። እውነቱን ነው፤ በጀቱን በልቶታል።

አጎራባች ሆስፒታሎች ደግሞ ለአንድ ሐኪም ይሻማሉ። አንዱ ዋጋ ሲጨምር የሌላው ተረኛ ይቀራል። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ትናንሽ የገጠር ሆስፒታሎች በተለይ ከ2022 ጀምሮ ድንገተኛ ክፍላቸውን ለሰዓታትና ለቀናት የዘጉባቸው ጊዜያት ተደጋግመዋል፤ ክፍለ ሀገሩም ተተኪ ሐኪሞችን በገንዘብ የሚያበረታታ ጊዜያዊ ፕሮግራም እየዘረጋ ክፍሎቹን ለማስከፈት ሞክሯል። ክፍሉ ከሚዘጋ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። ሌሊት ልቡን ይዞ የመጣ ሰው በር ተዘግቶበት ሲመለስ ማየት አልፈልግም። ግን በዚህ መንገድ የተከፈተ በር ለሚቀጥለው ወር ዋስትና የለውም።

ስለ ጥራት ደግሞ ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ ጊዜያዊ ሐኪም ይገድላል ወይ? በ2017 የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሜዲኬር በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ዋስትና ሥር ያሉ አረጋውያንን 1.8 ሚሊዮን ያህል የሆስፒታል ቆይታ መርምሮ ነበር። በጊዜያዊ ሐኪም የታከሙት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 8.83 በመቶ፣ በቋሚ የታከሙት 8.70 በመቶ ሆኑ። በስታቲስቲክስ ልዩነት የሚባል አይደለም። ወጪውና የአልጋ ቆይታው ግን በጊዜያዊዎቹ በኩል ከፍ ያለ ነበር። ይህን ጥናት ጊዜያዊ ሐኪሞችን በጅምላ ለሚያጣጥሉ ሰዎች ሁሉ እነግራለሁ። ጎበዝ ሐኪም በአንድ ጉዞ ሰነፍ አይሆንም።

ጥናቱ የለካው ግን ተኝተው የታከሙ ሰዎችን፣ 30 ቀን ብቻ ነው። ወደ አዛውንቱ ቋጠሮ ልመልሳችሁ። የእሳቸው ዓይነት ጉዳት በ30 ቀን አይታይም። ኖርዌይ ከ2001 ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው በስሙ የተመዘገበ ቋሚ ሐኪም እንዲኖረው አድርጋለች። በ2022 የወጣ ጥናት 4.5 ሚሊዮን ያህል ኖርዌጂያውያንን ተከታትሎ፣ ከአንድ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩትን ገና አንድ ዓመት ከሆናቸው ጋር አነጻጸረ። የቆዩት ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ሕክምና ፍለጋ የመሄድ ዕድላቸው 30 በመቶ፣ በድንገት ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው 28 በመቶ፣ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 25 በመቶ ያነሰ ሆነ። ከዚያ በፊት በ2018 ቀጣይነት ያለው የሐኪም ግንኙነትንና ሞትን የሚያያይዙ 22 ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ 18ቱ ከአንድ ሐኪም ጋር መቆየት ከሞት መቀነስ ጋር እንደሚሄድ አሳይተዋል።

ይህ ለምን ይሆናል? እኛ ሐኪሞች የምናውቀው ነገር ሁሉ ካርድ ላይ አይሰፍርም። ይህች እናት «ትንሽ ይሰማኛል» ካለች በጣም ታማለች ማለት እንደሆነ፣ ያኛው ደግሞ ሲጮህም ብዙ እንደማያሳስብ በዓመታት ነው የሚለመደው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሰው ግን በሽታውን ለማን ይገልጣል? ባሏ እንደሚመታት የምትናገር ሴት፣ መጠጥ እንዳሸነፈው የሚያምን ወንድ፣ ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ ወጣት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለማይኖር ሰው ደጋግሞ ታሪኩን መዘርዘር ይሰለቸዋል። ሦስት ጊዜ ለሦስት ሐኪም ከባዱን ነገር ከተናገረ በኋላ አራተኛውን «ራሴን ያመኛል» ብሎ ያልፈዋል። አራተኛው ሐኪም ፓራሲታሞል ይሰጠዋል። እኔም ብዙ ጊዜ አራተኛዋ ሐኪም እንደነበርኩ አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ቱዶር ሃርት ልመለስ። ይህ ሰው ግሊንኮሩግ በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ከሃያ ዓመት በላይ ተቀመጠ። የመንደሩን አዋቂ ሁሉ የደም ግፊት ለመለካት ተነሣ፤ ለጉንፋንም ለቁስልም የመጣውን ይለካዋል። በአንድ ዓመት ያላገኘውን በሦስተኛው ያገኘዋል፤ በሦስተኛው እንቢ ያለውን በአምስተኛው ያሳምነዋል። ከ25 ዓመት ሥራ በኋላ ውጤቱ ሲታይ፣ ከአጎራባች መንደር ጋር ሲነጻጸር በዚያ መንደር ያለዕድሜው የሚሞተው ሰው አንሶ ተገኘ። የተጠቀመበት መሣሪያ ሁላችንም ጠረጴዛ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ ነው። እሱ የነበረውና በየስድስት ሳምንቱ የሚቀያየር ሐኪም የሌለው ነገር ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጊዜያዊ ሐኪም ላይ ምን መጫን እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የተሰበረ እግር፣ የምጥ ችግር፣ የሳንባ ምች፣ ትርፍ አንጀት ለሚያውቅበት እንግዳ ሐኪም ይሰጣል። ግፊት፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም ግን ከሐኪሙ ጋር እንዲመጡና እንዲሄዱ መደረግ የለባቸውም። ሐኪሙ ቢቀያየርም የማይቀያየር ሰው እጅ መግባት አለባቸው። ብዙ ቦታ ያ ሰው ነርሷ ናት። አዛውንቱ በነበሩበት ሆስፒታል ከአሥር ዓመት በላይ የሠራች ሲስተር ነበረች። ነገሩን ሳነሣባት «አዎ፣ የልብ መድኃኒት ነበራቸው እኮ» አለችኝ። ታውቅ ነበር። ከእኔ በፊት የጠየቃት አልነበረም፤ አሠራሩም እንድትጠየቅ አያስገድድም ነበር። ከዚያ ወዲህ የትም ስሄድ የመጀመሪያውን ጠዋት ከእንደ እሷ ያለች ሲስተር ጋር ተቀምጬ ነው የማሳልፈው።

ነርሶችም የሚቀያየሩበት ቦታ እንዳለ አልረሳሁም። በአውስትራሊያ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ሩቅ ክሊኒኮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ነርሶችና የነባር ሕዝብ የጤና ባለሙያዎች ሥራ በጀመሩ በ12ኛው ወር እዚያው ክሊኒክ የሚገኙት ከአምስት አንዱ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። እንዲህ ባለ ቦታ የሕመምተኛውን ታሪክ ሙሉ አድርጎ የያዘው ሕመምተኛው ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ታሪኩ በጽሑፍ በእጁ ይሰጠው፤ የሚወስደው መድኃኒት፣ ለምን እንደሚወስደው፣ ማን መቼ እንደጀመረለት የተጻፈባት አንዲት ደብተር ይያዝ። ኮምፒውተሩ ሲበላሽም እሷ ትሠራለች።

እንግዳን ሐኪም ሳያስተዋውቁ ሥራ ላይ ማሰለፍ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ፣ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። በየካቲት 2008 አንድ ሐኪም ቅዳሜና እሑድ ተረኛ ሊሆን ከጀርመን ወደ እንግሊዝ ሄደ። በእንግሊዝ የመጀመሪያ ተረኝነቱ ነበር፤ የደረሰው ከሥራው በፊት በነበረው ቀን ነው። በኩላሊት ጠጠር ሕመም የሚሠቃይ የ70 ዓመት ሰው ቤት ተጠርቶ ሄደና ዳያሞርፊን የተባለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ 100 ሚሊግራም ወጋው። ከሚገባው አሥር እጥፍ ነበር። ሰውየው ሞተ። መድኃኒቱ ሐኪሙ በአገሩ የለመደው አልነበረም። በ2010 የሞቱን መንስኤ የመረመረው ዳኛ ከሕግ ውጭ የተፈጸመ ግድያ ነው ሲል ወሰነ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ከአውሮፓ የሚመጡ ሐኪሞችን የቋንቋ ችሎታ የምታጣራበትን ሕግ አጠበቀች። ሐኪሙ ተጠያቂ ነው። ግን እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነው፤ የመድኃኒቱን ቦርሳ ያለ ማብራሪያ በእጁ ያስጨበጡት፣ ድካሙን ያልጠየቁት፣ የደወለበት ጊዜ የሚያነሣለት ሰው መኖሩን ያላረጋገጡት ሰዎች። ሩቅ ቦታ ላይ ያለ ማንኛውም ሆስፒታል በየወሩ ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል።

የሚሠራው መፍትሔ ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት የማምነው አንድ ነገር አለ፦ ያው ሰው ወደዚያው ቦታ ይመለስ። በዓመት አሥር የተለያዩ ሐኪሞች ከሚመጡ፣ ሁለት ወይም ሦስት የታወቁ ሐኪሞች እየተፈራረቁ ቢመጡ ይሻላል። በዓመት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ሦስት ሳምንት የሚመጣ ሐኪም በሁለተኛው ዓመት እንግዳ አይባልም። ቁልፉ የት እንዳለ ያውቃል፤ የትኛው አምቡላንስ ጎማው እንደሚያስቸግር ያውቃል፤ የስኳር ሕመምተኛዋን በስሟ ይጠራታል። ውሉ ይህን እንዲያበረታታ አድርጎ መጻፍ ይቻላል፤ ተመልሶ ለሚመጣ የተሻለ ክፍያ፣ ቀኑ ከዓመቱ መጀመሪያ የታወቀ የሥራ ሰሌዳ። በየሳምንቱ በጭንቀት ከሚደረግ የስልክ ልመና ይህ በወጪም ይረክሳል።

የአውስትራሊያው በራሪ ሐኪሞች አገልግሎት የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ጆን ፍሊን የተባለ ቄስ የጀመረው ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው በረራ ግንቦት 17 ቀን 1928 ኩዊንስላንድ ውስጥ ከክሎንከሪ ተነሣ። ስሙ የሚያስታውሰን የድንገተኛ ጊዜ በረራን ነው፤ ዛሬ ግን ከሥራው ብዙው በታወቀ ቀን ወደ ታወቀ ቦታ እየሄዱ ክሊኒክ መክፈት ነው። ሐኪሙ እዚያ አይኖርም። ማክሰኞ እንደሚመጣ ግን ሁሉም ያውቃል። ሕመምተኛ ሐኪሙ እንደሚመለስ ሲያውቅ የሚናገረው ነገር ይለያል።

ሌላው በስልክና በቪዲዮ የሚሰጥ ድጋፍ ነው። የካናዳዋ ክፍለ ሀገር ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2020 ለገጠር ሐኪሞችና ነርሶች ልምድ ያለው የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም በማንኛውም ሰዓት በቪዲዮ የሚያማክርበት መሥመር ዘርግታለች። ብቻዋን ተረኛ የሆነች ወጣት ሐኪም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሕፃን መተንፈስ ሲያቅተው አጠገቧ የሚቆም ሁለተኛ ዓይን ታገኛለች። ቴክኖሎጂው ሐኪምን ይተካል የሚለውን አልቀበልም፤ ቪዲዮ ልጅ አያዋልድም። ለብቸኝነት ግን ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ሩቅ ቦታ የሚያስለቅቀው ደግሞ ብቸኝነት ነው።

የረጅም ጊዜው መፍትሔ ከሩቅ አካባቢ የመጡ ልጆችን እዚያው አስተምሮ እዚያው ማስቀረት ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልዘገይም፤ ማስረጃው ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታልና። ኖርዌይ ለሰሜኑ ክፍሏ ሐኪም እንዲወጣላት የሕክምና ትምህርትን ትሮምሶ ላይ የጀመረችው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጃፓን በ1972 ጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲን ከፈተች፤ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ተማሪ ይልካል፤ የተማረው ክፍያው ተሸፍኖለት በክፍለ ሀገሩ ለ9 ዓመት ያገለግላል። ዘጠኝ ዓመት የሚለውን ልብ በሉ። ብዙ አገሮች አዲስ ተመራቂን ለአንድና ለሁለት ዓመት በግዴታ ወደ ገጠር ይልካሉ፤ «ሐኪም መደብን» ተብሎም ይነገራል። ያ ተመራቂ ግን ከተማ ውስጥ ካለ ማንኛውም ጊዜያዊ ሐኪም ያነሰ ልምድ ያለው፣ ያነሰ የሚከፈለው፣ ያነሰ ድጋፍ ያለው ጊዜያዊ ሐኪም ነው። የሚሄድበትን ቀን እየቆጠረ ነው የሚኖረው፤ ሕዝቡም አብሮት ይቆጥራል።

እዚህ የተቀመጣችሁ ወጣት ሐኪሞች ብዙዎቻችሁ በጊዜያዊነት መሥራታችሁ አይቀርም። አታፍሩበት፤ ከተማ ውስጥ በአሥር ዓመት የማትማሩትን እዚያ በአንድ ዓመት ትማራላችሁ። ስትደርሱ ለሕመምተኛው የምትሄዱበትን ቀን ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፤ ከእናንተ በኋላ ማን እንደሚያየውም ንገሩት። ልትከታተሉት የማትችሉትን መድኃኒት ካላስገደዳችሁ በቀር አትጀምሩ፤ የጀመራችሁትን ግን ለምን እንደጀመራችሁ በሚነበብ ጽሕፈት ጻፉ። ከእናንተ በፊት የነበረው ሐኪም ያደረገው ነገር ካልገባችሁ ከማቋረጣችሁ በፊት ደውሉለት። የማታውቁትን ኦፕራሲዮን «ሌላ ሰው የለም» ተብላችሁ አትጀምሩ፤ ሪፈር ማድረግ ውርደት አይደለም።

አስተዳዳሪ ለሆናችሁት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ርክክብ በክፍያ የታሰበ ሥራ ይሁን። የሚሄደውና የሚመጣው ሐኪም ቢያንስ ግማሽ ቀን አብረው ሕመምተኛ ይዩ፤ የዚያን ግማሽ ቀን ሒሳብ ለሁለቱም ክፈሉ። ከሄደ በኋላም ለአንድ ወር ስልኩን እንዲያነሣ በውሉ ውስጥ አስገቡ፤ ለዚያም ክፈሉት። የምትከፍሉት ከአንድ ቀን የኤጀንሲ ዋጋ አይበልጥም።

እኔ በዚያ በመጀመሪያው ቦታዬ ይህን አላገኘሁም። የለቀቅኩት ዓርብ ቀን ነው፤ ተተኪዬ የሚገባው ሰኞ ነበር። አዛውንቱ ከመሄዴ በፊት ለክትትል መጥተው የልብ ምታቸው ወደ 62 ከፍ ብሎ፣ ማዞሩም ትቷቸው ነበር። ሐሙስ ማታ የእሳቸውንና የሌሎች 31 ሰዎችን ጉዳይ በሦስት ገጽ ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ የሐኪሙ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለሲስተርም ነገርኳት። ስልኬን ግን በወረቀቱ ላይ አልጻፍኩም፤ አልታሰበኝም። ወረቀቱን ማን እንዳነበበው እስከ ዛሬ አላውቅም።